ዘጠኝ ጊዜ የለም ያልኩት እንግጫ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በዓመት አንድ ቀን፣ «በቆቅ ውሃ ረግረግ እንግጫ የለም» ብዬ በአውራ ጣቴ አረጋግጫለሁ። ሥራዬ ይኸው ነበር። መደቡ «ምስክር» ይባላል። ማሽን ብቻውን የቆጠረው ነገር ሕግ እንዳይሆን፣ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ አይቻለሁ ማለት አለበት ተብሎ የተፈጠረ ነው። እኔም ቆሜ አይ ነበር። የማየው ግን ረግረጉን ሳይሆን እጄ ላይ የያዝኩትን ሰሌዳ ነው።

ቆጣሪው ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ከደቡብ በኩል ይመጣል። ከጭልፊት ዝቅ ብሎ፣ እንደ ንብ ቀፎ እያጉረመረመ፣ በረግረጉ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ይመላለሳል። የሚቆጥረው ያበበውን ብቻ ነው፤ ያላበበ እንግጫን ከሣር መለየት ለእሱም ይከብደዋል። ከዚያ ሰሌዳዬ ላይ ቁጥር ይመጣል። ከቁጥሩ ሥር «አረጋግጣለሁ» የሚል ቦታ ይበራል። አውራ ጣቴን አሳርፌ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ለዚህ የተሰጠው ጊዜ ሠላሳ ደቂቃ ነው። ብዙዎቹ ባልደረቦቼ ቁጥሩ ሳይመጣ ጣታቸውን ያስቀምጣሉ። እኔ ቁጥሩ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፤ በዚህም እኮራ ነበር።

ሕጉ አጭር ነው። ረግረግ ማለት የቀጤማ ወገን የሆነ ተክል ያለበት እርጥብ መሬት ነው። ቀጤማ፣ ደንገል፣ ግጫ፣ እንግጫ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው ይላሉ የሚያውቁት። እኛ ዘንድ ሌሎቹ በልጅነቴ አለቁ፤ መዝገቡ ላይ የቀረው እንግጫ ብቻ ነበር። አሥር ዓመት በተከታታይ ካልተገኘ፣ ውሃው እስከ ጉልበት ቢደርስም መሬቱ «ደረቅ» ተብሎ ይሰረዛል። የተሰረዘ መሬት ይደለደላል። የሚቆጠረው ተክል የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ምስክሩ ብቻ ነው፤ ሰው ተክሎ እንዳያታልል ተብሎ በመሐላ የተዘጋ ምሥጢር ነው። የአገሬው ሰው የሚያውቀው በረግረጉ ውስጥ አንድ ነገር እየተቆጠረ መሆኑን፣ ያ ነገርም በየዓመቱ መጥፋቱን ብቻ ነበር።

ድልደላውን አይተነዋል። ከእኛ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ የሆነው ሰንበሌጥ ሜዳ ከስድስት ዓመት በፊት ተሰርዞ፣ ዛሬ በላዩ ላይ መስኮት የሌላቸው ረዣዥም መጋዘኖች ቆመዋል። የዓለም ሰው ያነሣውን ፎቶግራፍ ሁሉ ያስቀምጡበታል አሉ። ነዋሪው ወደ ከተማ ተወስዶ ፎቅ ቤት ተሰጠው። አጎቴ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጠይቀው የሄድኩ ቀን ቧንቧውን ከፍቶ አጠገቡ ተቀምጦ አገኘሁት። የቀኑ ድርሻው እስኪያልቅ ድረስ ድምፁን ያዳምጣል። ምንጫችን እንዲህ አልነበር የሚፈሰው ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። የእኛም ምንጭ የሚነሣው ከረግረጉ ሥር ነው።

የ2082 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ አሥረኛው ቆጠራ ነበር።

ጠዋት ልጄ ትርንጎ የእንግጫ ጉንጉን ራሴ ላይ አደረገችልኝ። ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አንዱን ምሰሶው ላይ፣ አንዱን ቡሃቃው ላይ፣ አንዱን አባቷ ራስ ላይ ታደርጋለች፤ የአገራችን ደንብ ነው። ድሮ ልጃገረዶች በዋዜማው ረግረግ ወርደው እየዘፈኑ ይነቅሉት ነበር። የብርሃን አጥሩ ከተተከለ ወዲህ ግን ወደ ረግረጉ የገባ ሰው ቤተሰቡ የዓመት ውሃውን ሢሶ ስለሚቀጣ፣ ነቀላው ቀርቷል ብዬ አምን ነበር። የበዓል ቀጤማም ቢሆን ከከተማ በጥቅል ነው የሚመጣው፤ ሽታው ለብቻው በጠርሙስ ይሸጣል። እንግጫም የፋብሪካ አለ፣ በክር ታስሮ። ትርንጎ የምትገዛው እሱን ነው ብዬ፣ ጉንጉኔን እንደ ዘውድ ደፍቼ፣ እንግጫ የለም ብዬ ልፈርም ወጣሁ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እኔ በራሴ ላይ የጫንኩትን ነው ያልቆጠርኩት።

ረግረጉ ዳር፣ ከብርሃን አጥሩ ማዶ፣ አንዲት አሮጊት ተንበርክከው አገኘኋቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ያለፈ፣ የጎማ ቦቲ ያጠለቁ፣ እጃቸው እስከ ክርን ጭቃ የሆነ ሴት ናቸው። ዶክተር ሄራን ይባላሉ። በዩኒቨርሲቲ አርባ ዓመት ሙሉ የቀጤማን ወገን ብቻ ያጠኑ ናቸው። በአሥረኛው ቆጠራ አንድ ተመራማሪ ለአንድ ቀን እንዲገባ ሕጉ ይፈቅዳል። እስካሁን በፈቃዱ የተጠቀመ ሰው ግን አልገጠመኝም።

«እንኳን አደረሰዎ፣ ዶክተር።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አሉ ቀና ሳይሉ። «አቶ ስሜነህ፣ እዚህ መሬት ላይ አዲስ ጉድጓድ አለ። ትናንሽ፣ በመቶ የሚቆጠር። ትናንት ይህን ሲጭር የዋለ እንስሳ ምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ። ጃርት ይሆናል።»

ይህን ጊዜ ቀና አሉ። ዓይናቸው ግን ዓይኔ ላይ ሳይሆን ከዓይኔ ከፍ ብሎ ቀረ።

«ራስዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«እንግጫ ነዋ። የፋብሪካ ነው፤ ልጄ ናት የገዛችው።»

እጃቸውን ዘረጉ። አውልቄ ሰጠኋቸው። ጭቃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው አንዱን ዘንግ መዘዙና በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ያሽከረክሩት ጀመር። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው እንዲህ የሚያደርጉት።

«የፋብሪካው ክብ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሣርም ክብ ነው። የቀጤማ ወገን ግን ሦስት ጠርዝ አለው። ማሽን አያስፈልግም፤ ጣት ይበቃል። ይንኩት።»

አልነካሁትም። እጄን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቅኩም፤ አሁን ግን ፍርሃት እንደነበር አውቃለሁ።

እሳቸው ጉንጉኑን ገልብጠው ቋጠሮውን ፈቱት። የፋብሪካ እንግጫ ታችኛው ጫፉ በምላጭ እንደተቆረጠ ቀጥ ያለ ነው። ይህ ግን ሥር ነበረው። በሥሩ ላይ የቆቅ ውሃ ጥቁር አፈር ገና አልደረቀም።

ዶክተር ሄራን እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እኔም ከአጥሩ ወዲህ ትይዩአቸው ተቀመጥኩ። በዓል በመጣ ቁጥር ደጃፌ ላይ የማየው ጭቃ ትዝ አለኝ። የልጄ ቀሚስ ጫፍ መርጠቡ፣ ባለቤቴ በዋዜማው ማታ እየተጣደፈች ልብስ ማጠቧ፣ ምነው ስል «በዓል አይደል እንዴ?» ማለቷ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ። የእኔን አጥር የነቀነቀችው የገዛ ልጄ ናት።

ደውዬ ጠራኋት። አበባ ይዛ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ለቤት እየዞረች ነበር። ከኋላዋ እናቷ ይታክቱ ሳትጠራ መጣች፤ ሚስቴ መጥፎ ነገር በድምፄ ታውቃለች።

«ትርንጎ፣ ይህን ከየት ነው ያመጣሽው?»

ትርንጎ እናቷን አየች። እናቷ ሰማይ ሰማዩን ታያለች።

«ከዚሁ ነዋ፣ አባ።»

«አጥሩስ?»

«አጥሩ ከወገብ በታች የሆነውን ሁሉ ጥጃ ነው ብሎ ያሳልፋል። ጎንበስ ብለን ነው የምንገባ።»

«ስንት ሆናችሁ?»

«የአራቱ ጎጥ ልጃገረዶች ሁሉ። በዋዜማው፣ ከሰዓት በኋላ። ያበበ ያበበውን እንመርጣለን፤ ያላበበ ጉንጉን አያምርም።»

ወደ ሚስቴ ዞርኩ። «አንቺም ታውቂ ነበር?»

«በእኔ ጊዜም አጥሩ ይኸው ነው» አለች። «እኔም ጥጃ ነበርኩ።»

«ሰው ሁሉ ያውቃል ማለት ነው?»

«ካንተ በቀር። ምን እናድርግ፣ ስሜነህ? ብንነግርህ ምስክር ነህ፤ ባንነግርህ አባት ነህ። አባትነትህን መረጥን።»

መሐላዬን ያፈረስኩት በዚህ ጊዜ ነው። የሚቆጠረው እንግጫ መሆኑን ነገርኳቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ቤት ሁለት ምሥጢር ጎን ለጎን ሲያድር ኖሯል። እነሱ የሚነቅሉትን ደበቁኝ፤ እኔ የምቆጥረውን ደበቅኳቸው። ልጃገረዶቹ በዋዜማው ይነቅላሉ፣ ቆጣሪው በማግሥቱ ይመጣል፣ እኔ ጉንጉኑን ራሴ ላይ አድርጌ የለም እላለሁ።

ትርንጎ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ ተለወጠ።

«ምንጫችንን ያጠፋነው እኛ ነን?» አለችና አለቀሰች። ልጄ ስታለቅስ ድምፅ አታሰማም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። አዎ እንዳልላት ልጄ ናት፣ አይደለም እንዳልላት ምስክር ነኝ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ዶክተር ሄራን። ከቦርሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ወረቀት የሚይዝ ሰው ካየሁ ብዙ ጊዜዬ ነው። «ይህ የዘጠኙ ዓመት መዝገብ ነው። ሰባቱ ላይ ምንም የለም። አራተኛው ላይ ግን ሦስት ሺህ አንድ መቶ ዐሥራ ሁለት ይላል፤ ከአጠገቡ ‹ስህተት፣ ተሰርዟል›። ስምንተኛው ላይ አራት ሺህ ስምንት መቶ ሰባ፤ እሱም ተሰርዟል። ካለፉት ዓመታት ጋር ያልተጣጣመውን ቆጣሪው ራሱ ያርማል፤ ያረመውንም ‹የለም› ብሎ ይመዘግባል። እኔ እነዚህን ሁለት ዓመታት ለመረዳት ደመናውን አይቻለሁ፣ ዝናቡን አይቻለሁ፣ የቆጣሪውን መስተዋት ሳይቀር አይቻለሁ። ምን የተለየ ነገር ነበር?»

ሁለቱንም ዓመት ቆሜ እንደነበር አስታወስኩ። ትልቁ ቁጥር መጣ፣ ወዲያው ቀላ፣ ስህተት አለ፣ እኔም እርማቱ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። እኔ ማን ነኝና ከማሽን ጋር እከራከራለሁ? ሌላ የተለየ ነገር ግን አልነበረም ልል ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«በእነዚያ ሁለት ዓመታት ራሴ ላይ ጉንጉን አልነበረም» አልኩ።

«ለምን?»

«ይታክቱ፣ ትዝ ይልሻል? ከሥራ ተመልሼ ወጥ ደረሰ ወይ ብዬሽ ስትስቂብኝ? ዶሮው ገና በሕይወት ነበር።»

ሚስቴ አፏን በእጇ ያዘች። «ጳጉሜ ስድስት!» አለች።

ቆጣሪው ፈረንጅ የሠራው ነው። እንዲመጣ የታዘዘውም በፈረንጆቹ መስከረም ዐሥራ አንድ ነው። ሦስት ዓመት ያ ቀን ለእኛ እንቁጣጣሽ ነው። በአራተኛው፣ ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት ግን፣ ያው ቀን ዋዜማ ይሆናል። ቆጣሪው ረፋድ ላይ መጥቶ ይቆጥራል፤ ልጃገረዶቹ ከሰዓት በኋላ ይወርዳሉ። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ቀድሟቸው፣ እንግጫውን በቦታው አግኝቶ፣ አግኝቻለሁ ሲል ስህተት ነህ ተባለ።

ዶክተር ሄራን ግንባራቸውን በጭቃ እጃቸው መቱ። «ነቀላው አጥሩ ሲመጣ ቀረ ተብሎ የተጻፈ መጽሐፍ አለ» አሉ። «አቶ ስሜነህ፣ ብቻዎን አይዘኑ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወረቀቱን እንደገና አዩት።

«ግን ይህ ቁጥር ጨምሯል» አሉ። «በየዓመቱ እየተነቀለ እንዴት ይጨምራል?»

መቆፈሪያቸውን አንሥተው ከትናንቱ ጉድጓዶች አንዱ አጠገብ በስንዝር ለክተው አፈር አወጡ። በወንፊት አድርገው በረግረጉ ውሃ አጠቡት። ጥቁሩ ሲወርድ ወንፊቱ ላይ ሽንብራ የሚያህሉ ቡናማ ፍሬዎች ቀሩ። ትርንጎ እንባዋን ጠርጋ ተጠጋች።

«ይህማ የእንግጫ ድንች ነው» አለች። «ሕፃን ሆነን እንበላዋለን። ይጣፍጣል።»

«ስትነቅሉት እነዚህ አብረው ይወጣሉ?»

«ኧረ አይወጡም። ክሩ ቀጭን ነው፣ በጠስ ይላል። እናትየው ትመጣለች፣ ልጆቿ እዚያው ይቀራሉ።»

ዶክተሯ ቆጠሩ። ስልሳ ሦስት። ተነሥተው ወደ ረግረጉ መካከል ሄዱ። እዚያ ሌላ አጥር አለ፤ ጥጃም ሰውም የማያሳልፍ፣ እንግጫው እንዲጠበቅ ተብሎ፣ ምክንያቱ ለአገሬው ሳይነገር፣ ከሃያ ዓመት በፊት የታጠረ ልዩ ክልል። የዕለት ፈቃዳቸው ያሳልፋቸዋል። በዚያው ስፋት ቆፍረው፣ አጥበው፣ ወንፊቱን ከሩቅ ወደ እኛ አዘንብለው አሳዩን። የረጅም ሣር ሥር ብቻ ነበር፤ አንዲት ፍሬ የለበትም።

ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። እንደዚያ ያለ ደስታ በአዛውንት ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

«ነይ ወዲህ» አሏት ትርንጎን። «የተጠበቀው ሞቷል። የተሰረቀው አለ። ስትነቅሉ አፈሩን ትከፍቱለታላችሁ፣ ረጅሙን ሣር ትረግጡለታላችሁ፣ ልጆቹን ከእናታቸው ትለያላችሁ። ገባሽ? ምንጫችሁን ያቆያችሁት እናንተ ናችሁ።»

ትርንጎ ወደ እኔ ዞረች፤ እውነት ነው ወይ ለማለት። ራሴን ነቀነቅኩ። እኔም ገና ያኔ መስማቴ ነው።

አራት ሰዓት ሆነ። ቆጣሪው መጣ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለሰ፣ ሄደ። ሰሌዳዬ ላይ ሠላሳ ስምንት የሚል ቁጥር ወጣ። ከመቶ በታች የሆነ ሁሉ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ወዲያው «የለም፤ አሥረኛ ዓመት» ሆነ። ከሥሩ «አረጋግጣለሁ» የሚለው ቦታ በራ። ሠላሳ ደቂቃው መቁጠር ጀመረ።

ከታች፣ በጣም በትንንሽ ፊደል፣ «እቃወማለሁ» የሚል ሌላ ቦታ አለ። ማንም ሲነካው ሰምቼ አላውቅም። ነካሁት። ምክንያት ጠየቀ፤ ጳጉሜ ስድስትን ጻፍኩ። ማስረጃ ጠየቀ፤ ዶክተሯ ከሁለቱ ቦታ ቆፍረው ያጠቡትን አሳዩት። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ እጄ ቆመ። «ወደ ረግረጉ የገቡ ሰዎች ስም» ይላል።

«ያለ ስም አይሆንም?» ብዬ ዶክተሯን ጠየቅኩ።

«ያለ ስም ወሬ ነው» አሉ እያዘኑ። «ነቃይ ከሌለ ነቀላ የለም ይሉዎታል።»

እያንዳንዱ የምጽፈው ስም የአንድ ቤት ሢሶ ውሃ ነው። የመጀመሪያው ደግሞ የማን እንደሚሆን አውቀዋለሁ። ሰሌዳውን ዝቅ አደረግኩት። ዝም ብዬ ጣቴን «አረጋግጣለሁ» ላይ ባሳርፍ ማንም አይወቅሰኝም፤ ዘጠኝ ጊዜ ያልወቀሰኝ በአሥረኛው አይወቅሰኝም። ዐሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቶ ነበር።

«አባ» አለች ትርንጎ። «የእኔን አስቀድመህ ጻፍ።»

«ውሃው ይቀነሳል፣ ልጄ።»

«ምንጩ ከደረቀ ምኑ ሊቀነስ ነው?»

ጻፍኩ። ትርንጎ ስሜነህ። ሚስቴ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ «የእኔንም» አለች። «ስንት ዓመቱ ነው ብሎ ከጠየቀህ፣ ሃያ አምስት በለው።» በረግረጉ ዳር መቆየታችንን አይተው ሰዎች መሰብሰብ ጀምረው ነበር። ሁሉም የበዓል ልብስ ለብሰዋል፤ የወንዶቹ ሁሉ ራስ ላይ ጉንጉን አለ። ይታክቱ ነገሩን በሦስት ቃል ነገረቻቸው። አንዲት እናት የሁለት ልጆቿን ስም ጮክ ብላ ጠራች፤ ሌላዋ የራሷን። ከዚያ ወዲያ እኔ ጸሐፊ ብቻ ሆንኩ። መቶ ዐሥራ አራት ስም ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ የራሴን ጨመርኩ፤ «ያልገባ፣ ያላየ፣ ዘጠኝ ጊዜ የፈረመ» ብዬ። ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አውራ ጣቴን አሳረፍኩ።

ቅጣቱ ከመልሱ ቀድሞ መጣ። ከመስከረም ሦስት ጀምሮ ውሃችን በሢሶ ቀነሰ። ልብስ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ነበር የሚታጠበው። ስም ከተጻፈባቸው ቤቶች አንድም ሰው በሬን አንኳኩቶ አልወቀሰኝም። እንዲያውም በመንገድ ሲያገኙኝ «ጥጃው ስሜነህ» ይሉኝ ጀመር፤ ሳልገባ ስሜን ያስመዘገብኩ ብቸኛው ሰው ስለነበርኩ።

ለመስቀል ጉንጉኑ ሁሉ ከደመራው ጋር እንዲቃጠል ሲወጣ፣ የእኔ ብቻ ቀረ። ዶክተር ሄራን ወስደው በጋዜጣ መካከል አድርቀው ዩኒቨርሲቲው የደረቁ ዕፅዋት በሚጠበቁበት ቤት አስቀመጡት። የለጠፉበትን ወረቀት ፎቶ ላኩልን። ከላይ የተክሉ ስም አለ። «ሰብሳቢ» በሚለው ቦታ ትርንጎ ስሜነህ ተብሎ ተጽፏል። «ቀን» በሚለው ቦታ ጳጉሜ 5 ቀን 2081 ይላል፤ በእኛ።

መልሱ በጥር መጣ። ረግረጉ በመዝገቡ ይቆያል፤ ቆጠራው ከእንግዲህ ጳጉሜ ሦስት ቀን ይሆናል፤ ቅጣቱ ተነሥቷል፤ የመካከሉም የዳሩም አጥር ይፈርሳል። የመጨረሻው መስመር «ነቀላው እንደ ወትሮው እንዲቀጥል ታዟል» ይላል። ትርንጎ አንብባው ፊቷን አጨማደደች።

«ትእዛዝ ከሆነማ ምን ይጥማል?» አለች።

በዚያው ደብዳቤ፣ ሌሎች አሥራ አንድ ረግረጎችም በየአራት ዓመቱ የተሰረዘ ቁጥር እንደተገኘባቸው ተጽፏል። አጎቴ ይህን ሰምቶ ከሰባተኛ ፎቅ ደወለልኝ። ሰንበሌጥ ሜዳስ አለበት ወይ አለኝ። አለበት አልኩት። እሱም «የእናንተ ምንጭ ጋ ሂድና ስልኩን አስጠጋልኝ» አለኝ። ሄጄ አስጠጋሁለት።

በጳጉሜ ሦስት ቆጣሪው መጣ። አምስት ሺህ ሁለት መቶ ስድስት አለ፤ ሳይቀላም፣ ሳይሰርዝም ቆየ። ጣቴን አሳረፍኩ።

ጳጉሜ አምስት ከሰዓት በኋላ ልጃገረዶቹ ወረዱ። አጥሩ ከፈረሰ ወራት ሆኖታል፤ ምሰሶዎቹ ሳይቀሩ ተነቅለው ተወስደዋል። ሆኖም አጥሩ የነበረበት መስመር ላይ ሲደርሱ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጎንበስ አሉ። እንደተጎነበሱ አለፉ፣ ማዶ ሲደርሱ ቀና ብለው መዝፈን ጀመሩ። ትርንጎ ዞር ብላ አየችኝ።

«አባ፣ አትገባም እንዴ?»

ዐሥር ዓመት ዳር ቆሜ የመሰከርኩበት መሬት ላይ እግሬን አላሳረፍኩም ነበር። መስመሩ ላይ ስደርስ እኔም ጎንበስ አልኩ። ልጃገረዶቹ ሳቁብኝ። ውሃው ጫማዬ ውስጥ ገባ፣ ቀዝቃዛ ነው። ትርንጎ ያበበውን አሳየችኝ፤ ቡናማ አበባው ከሣሩ መካከል ብቅ ብሏል። ሳልነቅለው፣ ዘንጉን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያዝኩት፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ቀስ ብዬ አሽከረከርኩት።

ሦስት ጠርዝ አለው።